ከቦይለር አመድ ዚዮላይት፦ የፋብሪካ ፍሳሽን ለማጣራት በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚሠራበት ዝርዝር መመሪያ

የድንጋይ ከሰል የሚያነድ ፋብሪካ በየቀኑ ሁለት ነገር ይጥላል፤ አንዱ ከቦይለሩ የሚወጣው ግራጫ አመድ ሲሆን፣ ሌላው ከማቅለሚያው፣ ከማጠቢያው ወይም ከቆዳ ማልፊያው የሚፈሰው ውሃ ነው። አመዱ በግቢው ጥግ ተከምሮ ነፋስ ሲያቦነው ይከርማል፤ ውሃው ደግሞ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከሆነ ዞሮ ዞሮ መድረሻው በሬሳ ወንዝ፣ ከዚያም ጀማ፣ ከዚያም ዓባይ ነው። ይህ መመሪያ ከአመዱ ዚዮላይት የተባለውን ማዕድን ሠርቶ ፍሳሹን ለማጣራት ምን ምን እንደሚደረግ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። የተዘጋጀውም በ10 ግራም አመድ ለሚጀምር ተማሪ፣ ለላብራቶሪ ቴክኒሻን ወይም ለፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች «አመድ ውሃ ያጠራል» ከሚለው ይነሣሉ። የእኔ መነሻ ግን ተቃራኒው ነው፤ የድንጋይ ከሰል አመድ እንዳለ ውሃ ውስጥ ቢገባ ውሃውን ያበላሻል። አርሴኒክ፣ ክሮሚየም፣ ሴሊኒየምና ሞሊብዲነም በጥቂቱም ቢሆን ይዟልና። ስለዚህ አመዱ ንጹሕነቱ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ተጠርጣሪ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ግማሾቹ ያንን ለማረጋገጥ የገቡ ናቸው። በዚህ መንገድ የተሠራ ማጣሪያ ለፋብሪካ ፍሳሽ እንጂ ለመጠጥ ውሃ የታሰበ እንዳልሆነም ከወዲሁ ይታወቅ።

ደረጃ 1፦ ፍሳሹ ምን እንደያዘ ማወቅ

ዚዮላይት ከሲሊካና ከአሉሚና የተዋቀረ ማዕድን ሲሆን፣ ቀዳዳው እንደ እንጀራ ዓይን ከላይ የሚታይ ሳይሆን ውስጥ ለውስጥ የተያያዘና በአጉሊ መነጽርም የማይታይ ነው። መዋቅሩ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ሙሉን ለማመጣጠን ሶዲየም ይዞ ይቀመጣል፤ የተበከለ ውሃ ሲያገኝ ሶዲየሙን ለቅቆ በምትኩ አዎንታዊ ሙል ያለውን ነገር ይይዛል። የዚዮላይት ጉልበቱም ድካሙም እዚህ ላይ ነው። እርሳስን፣ መዳብን፣ ዚንክን፣ አሞኒየምንና ቆዳ ሲለፋ የሚቀረውን ባለ ሦስት ሙል ክሮሚየም በደንብ ይይዛል። ባለ ስድስት ሙል ክሮሚየም ግን በውሃ ውስጥ አሉታዊ ሆኖ ስለሚገኝ አጠገቡ አይደርስም።

የማቅለሚያ ውሃ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥጥ የሚቀለምባቸው ሪአክቲቭ የሚባሉት ቀለሞች አሉታዊ ሙል አላቸው፤ ተራ ዚዮላይት ቢነሰነስባቸው ውሃው እንደቀላ ይቀራል። ብርድ ልብስና ሹራብ ከአክሪሊክ ክር በሚሠራበት ቦታ የሚገቡት ቤዚክ ቀለሞች ግን አዎንታዊ ስለሆኑ ይያዛሉ። እነርሱም ቢሆኑ ሞለኪውላቸው ትልቅ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በዚዮላይቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ብቻ ይለጠፋሉ፤ ስለዚህ ብረታ ብረትን በሚይዝበት መጠን ይይዛቸዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ከቢራ ጠመቃና ከምግብ ማቀነባበሪያ በሚወጣ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ስኳርና እርሾም የዚዮላይት ሥራ አይደለም፤ እርሱ አስቀድሞ በባክቴሪያ ተብላልቶ ማለፍ አለበት።

ናሙና ሲወሰድ ማቅለሚያው ቀለም በሚደፋበት ሰዓትና በማይደፋበት ሰዓት ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ስለሆነ፣ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ተቀድቶ የተቀላቀለ ናሙና ከአንድ ጊዜ ቅጂ ይሻላል። ለብረታ ብረት የሚመረመረው ክፍል በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች ወርዶ፣ ለአሞኒያ የሚመረመረው ደግሞ በሰልፈሪክ አሲድ በተመሳሳይ ሁኔታ ተጠብቆ በበረዶ ይቀመጥ። ወንዙም ከፍሳሹ በላይና በታች ይቀዳ፤ ይህንንም በክረምት ብቻ ሳይሆን ውሃው በሚያንስበት በበጋ መድገም ይገባል፣ ክረምት ብክለቱን በማቅጠን ይሸፍነዋልና።

ደረጃ 2፦ አመዱን መምረጥ

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ከጭሱ ጋር ወጥቶ በሳይክሎን ወይም በባግ ፊልተር በሚባሉ የብናኝ ማጥመጃዎች የሚያዘው ደቃቅ አመድ፣ በባለሙያዎች አጠራር ፍላይ አሽ ነው። ከቦይለሩ ሥር የሚወርደው ሸካራ አመድና ጓል ተፈጭቶ ሊሠራ ቢችልም ውጤቱ ደከም ያለ ነው። ከመሬት ላይ ከቆየ ክምር ከመዛቅ ደግሞ ከማጥመጃው አፍ ደረቁን መቀበል ይመረጣል፤ ዝናብ የመታው አመድ ጠጥሮ ባሕርዩ ይለወጣል።

ምድጃ ሁሉ የሚሰጠው አመድ አንድ አይደለም። የማገዶና የኩበት አመድ ካልሲየምና ፖታሲየም ይበዛበታል፤ ለዚዮላይት የግድ የሚያስፈልገው አሉሚና ግን አነስተኛ ነው። የሸንኮራ አገዳ ገለባ አመድ ሲሊካ የሞላው ቢሆንም አሉሚና ከውጭ ካልተጨመረለት አይበቃም። የከተማ ቆሻሻ ተቃጥሎ የሚገኘው፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ረጲ ካለው ዓይነት ማመንጫ የሚወጣው አመድ፣ እርሳስና ካድሚየም ስለሚከማችበት በዚህ መመሪያ እንዳይሞከር አጥብቄ እመክራለሁ። የሲሚንቶ እቶንም ተስፋ አይሰጥም፤ እዚያ የሚነደው ከሰል አመዱ ከክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ ከሚሆነው ጓል) ጋር ይዋሃዳል፣ ከጭሱ የሚያዘው ብናኝ ደግሞ በአብዛኛው ኖራ ነው። ስለዚህ ለሚ ወይም ደርባ ድረስ ሄዶ የእቶን አመድ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው።

ከአንድ ጆንያ አናት ተዘግኖ የተወሰደ አመድ የጆንያውን እንኳ አይወክልም። ከተለያዩ ጆንያዎችና ቀናት የተወሰደው በንጹሕ ሸራ ላይ ተቀላቅሎ ይከመር፣ ክምሩ ለአራት ይከፈል፣ ተቃራኒ ሁለት ክፍሎች ይጣሉና የቀረው እንደገና ይቀላቀል፤ አንድ ኪሎ ገደማ እስኪቀር ድረስ ይህ ይደጋገም። ከሰሉ ከየት እንደመጣ በመለያው ላይ መጻፍ አለበት፤ ፋብሪካው የከሰል አቅራቢ በለወጠ ቁጥር አመዱም ይለወጣልና። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ፣ ተራ የጨርቅ ማስክ ሳይሆን ኤን 95 የሚባለው ዓይነት ይደረግ።

ደረጃ 3፦ አመዱን መመርመር

አራት ምርመራዎች ይበቃሉ፤ ሦስቱን እዚያው ላብራቶሪ መሥራት ይቻላል። በመጀመሪያ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረቀ 1 ግራም አመድ በ750 ዲግሪ ተቃጥሎ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይመዘናል፤ የጎደለው በአብዛኛው ያልተቃጠለ ካርቦን ነው። ጉድለቱ ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አመዱ ሳይቃጠል ወደሚቀጥለው ደረጃ ባይገባ ይሻላል። በሁለተኛ ደረጃ 5 ግራም አመድ በ50 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ተበጥብጦ ፒኤቹ ይለካል፤ ከ12 ከዘለለ ካልሲየም መብዛቱን ይጠራጠሩ። በሦስተኛ ደረጃ ቀጭን አሲድ ጠብ ሲደረግበት በኃይል የሚፍለቀለቅ ከሆነ ካርቦኔት አለበት ማለት ነው።

አራተኛው አመዱ ከምን ከምን እንደተሠራ በኤክስሬይ የሚለካው የኤክስአርኤፍ ምርመራ ነው፤ ይህ በአዲስ አበባ የሥነ ምድር ላብራቶሪዎች ወይም መሣሪያው ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራል። ውጤቱ ሲመጣ ሲሊካ፣ አሉሚናና የብረት ኦክሳይድ ተደምረው ከ70 በመቶ በላይ፣ ካልሲየም ኦክሳይድ ደግሞ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ጥሩ አመድ አግኝተዋል። ካልሲየም የበዛበት አመድ ሲሊካውን ይዞ ወደ ሌላ ማዕድን ስለሚሄድ ዚዮላይቱ ይቀጭጫል።

ደረጃ 4፦ ማጽዳት

አመዱ በ75 ማይክሮ ሜትር ወንፊት ይነፋ። ካርቦኑ የበዛ ከሆነ በ800 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ይቃጠል፤ ጥቁርነቱ ለቅቆ ወደ ቡኒ ወይም ወደ ቀይ ሲያደላ ይታያል። ከዚያ በውሃ ተበጥብጦ በፕላስቲክ በተጠቀለለ ጠንካራ ማግኔት ሲማሰል የብረት ኦክሳይዱ እንደ ጥቁር ጢም ተጣብቆ ይወጣል። ፕላስቲኩን ከማግኔቱ ላይ ገፍፎ ማራገፍ ቀላል ነው፤ ያለ ፕላስቲክ ከተነከረ ግን ያ ብናኝ ከማግኔቱ ላይ ለመልቀቅ እምቢ ይላል።

ቀጥሎ ለ10 ግራም አመድ 200 ሚሊ ሊትር፣ በሊትር 1 ሞል የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተጨምሮ በ80 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ይማሰል። አሲዱ ካልሲየምን፣ የተረፈ ብረትንና ከከባድ ብረታ ብረቶች የላላውን ክፍል ያወጣል። ተጣርቶ የሚቀረው አመድ እጣቢው ገለልተኛ እስኪሆን በውሃ ይታጠባል፣ በ105 ዲግሪም ይደርቃል። ያ አሲድ ከአመዱ የወጣውን መርዝ ሁሉ ስለተሸከመ ወደ ቧንቧ መድፋት የለበትም፤ በኖራ ውሃ ፒኤቹ ወደ 9 ገደማ ተደርጎ ዝቃጩ ይለይና ከአደገኛ ቆሻሻ ጋር ይቀመጥ። በኖራ የማይዘቅጥም ነገር ስለሚኖር፣ ከላይ የቀረው ፈሳሽ ሳይመረመር አይለቀቅም።

ደረጃ 5፦ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ማቅለጥ

እ.ኤ.አ. በ1985 ሆለርና ቪርሺንግ የተባሉ ተመራማሪዎች አመድን በኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ውሃ በማሞቅ ብቻ ዚዮላይት እንደሚገኝ አሳይተው ነበር። ችግሩ በአመድ ውስጥ ያሉት ኳርትዝና ሙላይት የተባሉት ግትር ማዕድናት በሙቅ ሶዳ ብቻ በቀላሉ አለመሟሟታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሺጌሞቶና ባልደረቦቹ አመዱን አስቀድሞ ከደረቅ ኮስቲክ ሶዳ ጋር አቅልጠው ግትሮቹን ወደሚሟሟ የሶዲየም ሲሊኬትና አሉሚኔት ቀየሯቸው። እዚህ የምንከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ሶዳ ቢበላም ውጤቱ አስተማማኝ ነውና።

ለ10 ግራም የጸዳ አመድ 12 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይመዘናል። ሶዳው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በሐምሌና በነሐሴ የደብረ ብርሃን አየር ውስጥ ሚዛን ላይ እያለ ማላብ ይጀምራል፤ ስለዚህ አመዱ አስቀድሞ ተመዝኖ ይጠብቅ፣ ሶዳው በፍጥነት ይመዘንና በደረቅ ሙቀጫ አብረው ይፈጩ። ጓንትና የዓይን መነጽር በዚህ ደረጃ አማራጭ የላቸውም፤ የሶዳ ፍንጣሪ ዓይን ያጠፋል።

ድብልቁ በኒኬል ወይም በስቴንለስ ስቲል ክሩሲብል (ማቅለጫ ዕቃ) ይደረግ፤ የሸክላውን ዓይነት ሶዳው ይበላዋል። ምድጃው ቀስ በቀስ ወደ 550 ዲግሪ ከፍ ይበልና በዚያ ሙቀት 1 ሰዓት ይቆይ። ቀዝቅዞ ሲወጣ የጠጠረ ኬክ ይገኛል፤ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቢያደላ አይደንግጡ፣ በአመዱ ውስጥ የነበረው ጥቂት ማንጋኒዝ ከሶዳው ጋር ተዋህዶ የሚሰጠው መልክ ነው። ኬኩ ተሰብሮ ሲፈጭ አሁንም የሚያቃጥል ሶዳ መሆኑን ሳይዘነጉ ጓንቱን ማውለቅ አይገባም።

ደረጃ 6፦ ማሳደር

የተፈጨው ኬክ 100 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ባለበት የፖሊፕሮፒሊን ጠርሙስ ውስጥ ይገባና በማግኔት ማማሰያ ለ12 ሰዓት ያድራል። ውሃው ሲገባ ስለሚሞቅ ዱቄቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። የብርጭቆ ዕቃ ከሶዳው ጋር ሲሊካ ስለሚለቅ ስሌቱን ያዛባል።

ብዙ መመሪያዎች «በክፍል ሙቀት ይደር» ይላሉ፤ ያ ግን 20 ወይም 25 ዲግሪ ለሆነ ክፍል የተጻፈ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ማሞቂያ የሌለው ላብራቶሪ ከዚህ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ የክሪስታሉ ዘር የሚጠነሰሰው በዚህ ሌሊት ስለሆነ ቅዝቃዜው ያዘገየዋል። ጠርሙሱን ሙቀቱ በ25 ዲግሪ በተያዘ የውሃ ገንዳ ውስጥ ማሳደር ችግሩን ይፈታል፣ በተለያዩ ወራት የተሠራውንም ለማነጻጸር ያስችላል።

ደረጃ 7፦ ማሞቅና የከፍታው ጉዳይ

ካደረ በኋላ ድብልቁ ሳይማሰል ይሞቃል፤ የተለመደው ትእዛዝ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ለ6 ሰዓት ነው። ይህን ትእዛዝ የጻፉት በባሕር ጠለል አቅራቢያ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሸዋ ሮቢት ወርደው 1300 ሜትር ገደማ ላይ ቢሠሩ ግን ወደ 96 ዲግሪ ይጠጋል። በውስጡ የሟሟው ሶዳ የመፍያውን ነጥብ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፤ ቢሆንም በክፍት ዕቃ 100 ዲግሪ ለማምጣት የሚሞክር ሰው የሚያገኘው ውሃው ተንኖ ሶዳው የጠነከረበት ድብልቅ ነው። ሶዳ ሲጠነክር ደግሞ ሶዳላይት የሚባለው ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ማዕድን ይበዛል፤ እርሱ ለማጣሪያነት እምብዛም አይረባም። ከአንድ ዓይነት አመድ፣ በአንድ ዓይነት አሠራር፣ አዳማና ደብረ ብርሃን የተለያየ ውጤት ቢገኝ አመዱን ከመውቀስ በፊት ይህን መመልከት ተገቢ ነው።

ሁለት መውጫዎች አሉ። የመጀመሪያው ክዳኑ ጠበቅ ባለ የፖሊፕሮፒሊን ጠርሙስ ከመፍያው በታች፣ በ85 ዲግሪ፣ ጊዜውን አስረዝሞ መሥራት ነው፤ በ12፣ በ18 እና በ24 ሰዓት የሚወጡ ሦስት ጠርሙሶች አዘጋጅቶ የሚሻለውን መምረጥ ይመከራል። ጠርሙሱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላ። ሁለተኛው ውስጡ ቴፍሎን የተለበጠ የብረት ግፊት ዕቃ በ95 ወይም በ100 ዲግሪ መጠቀም ነው፤ ይህ በየትኛውም ከፍታ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ዘግቶ በ100 ዲግሪ ማስቀመጥ ግን አይገባም፤ የውጭው አየር ግፊት በደጋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ክዳኑ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበረታል፣ የሚፈነዳውም ትኩስ ሶዳ ነው። ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ዋጋው ትንሽ፣ አደጋውም ያነሰ ነው።

ማሞቂያው ላይ የሚነበበው ቁጥር የኦቨኑ አየር እንጂ የድብልቁ ሙቀት አይደለም። ውሃ ብቻ በያዘ ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ ቴርሞ ሜትር አስገብቶ ማየት ልዩነቱን ይገልጣል።

ደረጃ 8፦ ማጠብ፣ ማድረቅና ማረጋገጥ

ጠርሙሱ ቀዝቅዞ ይጣራ፣ የሚወጣው ፈሳሽም በተለየ ዕቃ ይያዝ፤ ብዙ ሶዳና ሲሊካ ስላለው ለሚቀጥለው ዙር የማሳደሪያ ውሃ አካል ሊሆን ይችላል፤ የሶዳ ወጪ ከሁሉም የሚከብድ በመሆኑ ይህ ቁጠባ ትልቅ ነገር ነው። ደለሉ የእጣቢው ፒኤች ወደ 9 ወይም 10 እስኪወርድ በዲስቲልድ ውሃ ይታጠባል። 7 ይሁን ብሎ አሲድ የሚጨምር ሰው የሠራውን መልሶ ያፈርሳል፣ ዚዮላይት በአሲድ ይናዳልና። ከዚያ በ105 ዲግሪ አድሮ ይደርቃል።

የደረቀው ዱቄት መልኩ ብቻ ዚዮላይት መሆኑን አይነግርም። የክሪስታሉን ዓይነት በኤክስሬይ የሚለየው የኤክስአርዲ ምርመራ በመዳብ ጨረር ሲደረግ በ12.5፣ 21.7 እና 28.1 ዲግሪ ማዕዘን አካባቢ የሚታዩ ጉብታዎች ፒ የተባለውን ዚዮላይት፣ በ7.2፣ 10.2 እና 24 አካባቢ ያሉት ኤ የተባለውን፣ በ6.1 አካባቢ የሚወጣው ረጅም ጉብታ ደግሞ ኤክስ የተባለውን ያመለክታሉ። በ26.6 ላይ ጎልቶ የቀረ ጉብታ ያልቀለጠ ኳርትዝ ነው።

ኤክስአርዲ ለማግኘት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው በአካባቢው ባለ የአፈር ላብራቶሪ የካታዮን (አዎንታዊ ሙል ያላቸው ነገሮች) የመለዋወጥ አቅሙን ማስለካት ይችላል፤ ለእርሻ መሬት በየቀኑ የሚሠራው በአሞኒየም አሲቴት የሚደረገው ያው ምርመራ ነው። ጥሬው አመድ በ100 ግራም ከጥቂት ሚሊ ኢኩዊቫለንት አይበልጥም፤ ደህና ሆኖ የተሠራ ዚዮላይት ከ150 እስከ 300 ይደርሳል። ከ100 በታች ከሆነ ወደ ደረጃ 5 መመለስ ነው።

ደረጃ 9፦ ከራሱ ከዚዮላይቱ የሚለቀቀው

ይህን ደረጃ የዘለለ ሥራ ምንም ያህል ያማረ ውጤት ቢያሳይ ፍሳሽ ላይ መዋል የለበትም። 10 ግራም ዚዮላይት በ100 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ለ24 ሰዓት ይናጥ፣ በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ይለፍ፣ ውሃው ለአርሴኒክ፣ ለክሮሚየም፣ ለእርሳስ፣ ለካድሚየም፣ ለሴሊኒየምና ለሞሊብዲነም ይመርመር። ለንጽጽር የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠውን መያዝ ጥብቅ ቢሆንም ጥሩ መለኪያ ነው፤ አርሴኒክና እርሳስ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም፣ ክሮሚየም 0.05፣ ካድሚየም 0.003 ነው። አርሴኒክ፣ ሴሊኒየምና ሞሊብዲነም ሶዳ በበዛበት ውሃ ይበልጥ ስለሚላቀቁ፣ ውጤቱ ከልክ ካለፈ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደረጃ 8 እጥበት ማነስ ነው።

ደረጃ 10፦ በጠርሙስ መፈተን

ከእውነተኛው ፍሳሽ በፊት በታወቀ ውህድ ይጀመራል። በሊትር 50 ሚሊ ግራም መዳብ የያዘ ውሃ፣ ፒኤቹ 5 የሆነ፣ በስድስት ጠርሙሶች 100 ሚሊ ሊትር ይደረግ፤ በአራቱ 0.05፣ 0.1፣ 0.2 እና 0.4 ግራም ዚዮላይት፣ በአምስተኛው 0.2 ግራም ጥሬ አመድ ይግባ፣ ስድስተኛው ባዶውን ይሁን። በደቂቃ 150 ዙር ለ2 ሰዓት ተንጠው ተጣርተው የቀረው መዳብ ይለካ። 0.2 ግራም የገባበት ከ50 ወደ 4 ሚሊ ግራም ቢወርድ፣ የተያዘው 46 በ0.1 ሊትር ተባዝቶ ለ0.2 ሲካፈል በአንድ ግራም 23 ሚሊ ግራም ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዚዮላይትም ሆነ ጥሬ አመድ ሲገባ የውሃው ፒኤች ይወጣል፤ መዳብና እርሳስ ደግሞ ፒኤች ከ6 ወይም ከ7 ሲያልፍ ራሳቸው ወደ ዝቃጭ ይለወጣሉ። «99 በመቶ አስወገደ» ተብሎ ከሚቀርበው ውጤት ብዙው በማጣሪያው ሳይሆን በሶዳው የተሠራ ነው፤ ያን ያህል ሥራ ለኖራ ቢሰጡት በጥቂት ብር ይጨርሰው ነበር። ስለዚህ ከንጠት በኋላ የእያንዳንዱ ጠርሙስ ፒኤች ይለካ፣ ከዚያ ዚዮላይት የሌለበት ሌላ መዳባም ውሃ በሶዳ ጠብታ ወደዚያው ፒኤች ከፍ ተደርጎ ተጣርቶ ይለካ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ የዚዮላይቱ ድርሻ ነው። ይህን ንጽጽር ያልያዘ የምረቃ ጽሑፍ ወደ እኔ ቢመጣ ከሌላው ገጽ ሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ለቤዚክ ቀለም ሜትሊን ብሉ በ664 ናኖ ሜትር በስፔክትሮፎቶ ሜትር ይለካል፤ ለአሞኒየምም የጠርሙስ ፈተናው አሠራር ያው ነው። ሁሉም ከተሳካ በእውነተኛው ፍሳሽ ይደገም፣ ውጤቱ ቢወርድ አያስገርም፤ በፍሳሹ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ቦታውን ይሻማል።

ደረጃ 11፦ ከዱቄት ወደ ጠጠር

ዱቄቱ በቧንቧ ቢሞላ በደቂቃዎች ይደፈናል። 80 እጅ ዚዮላይት ከ20 እጅ ቤንቶናይት ሸክላ ጋር በውሃ ተለውሶ፣ በትልቅ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ተገፍቶ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ በጥላ ይድረቅ፤ ከዚያ በ550 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ይተኮስ። ሙቀቱ ከዚህ ካለፈ መዋቅሩ ሊፈርስ ይችላል። ደህና ጠጠር ውሃ ውስጥ አድሮ በጣት ሲታሽ አይሟሽሽም።

ውስጡ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፒቪሲ ቧንቧ ሥሩ ላይ ጠጠርና የተጣራ አሸዋ ተደርጎበት 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ዚዮላይት ቢሞላ፣ አልጋው (በቧንቧው ውስጥ ያለው የዚዮላይት ንብብር) 1 ሊትር ያህል ይሆናል። በሰዓት 4 ሊትር ቢፈስበት ውሃው 15 ደቂቃ ገደማ ከአልጋው ጋር ይቆያል፤ ለመጀመር ተስማሚ ነው። ፍሳሹ ከታች ወደ ላይ ቢሄድ አየር አይታፈንም። ቃጫና ጭቃ አስቀድሞ መዝቀጥ አለበት። መውጫው ላይ ያለው ብክለት ከመግቢያው 5 በመቶ ሲደርስ አልጋው ጠግቧል ተብሎ ይቆማል፤ እስከዚያ ያለፈው ሊትር ተመዝግቦ ነው የአንድ ኪሎ ዋጋ የሚሰላው።

ደረጃ 12፦ ሥራውን የጨረሰው

አሞኒየም የጠገበ ዚዮላይት በሊትር 1 ሞል በሆነ የገበታ ጨው ውሃ ሲታጠብ አብዛኛውን አቅሙን መልሶ ያገኛል። ከባድ ብረት እንደሌለበት በምርመራ ከተረጋገጠም፣ ሳይታጠብ አሞኒየሙን እንደያዘ ለማሳ ማዳበሪያነት ሊሞከር ይችላል፤ ውሃ ለሚቋጥር የዋልካ መሬት ግን ሶዲየሙ አፈሩን ስለሚያባብስ አይመከርም። መዳብ፣ እርሳስ ወይም ክሮሚየም የያዘው ግን ማሳ አጠገብ አይድረስ። በጨው ውሃ ቢታጠብም እጣቢው ራሱ የተከማቸ መርዝ ስለሆነ ለሁለት ወይም ለሦስት ዙር ብቻ ይደገምና፣ በመጨረሻ ከሲሚንቶ ጋር ተለውሶ በጡብ መልክ ይጠንክር። ጡቡ ተደቅቆ የደረጃ 9 ምርመራ ይደገምበት፤ ካላለፈ አደገኛ ቆሻሻ ሆኖ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና አደገኛ ቆሻሻን በሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 መሠረት ይያዛል። አዲስ ከሰል የገባበት አመድ በመጣ ቁጥር ከደረጃ 3 ጀምሮ ምርመራው ይደገም፤ የአሲዱ ዝቃጭ፣ ያደረው ሶዳና የጠገበው ጠጠርም ቀንና ምንጭ በተጻፈባቸው የየራሳቸው ዕቃዎች ተለይተው ይቀመጡ።